ልጄ ራሱ ያስተረጎመው ሕመም

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት ንጽሕና ይመስል ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጄ ያኢር ጠዋት ጠዋት ገላውን መታጠብ ጀመረ፤ ያውም በሚፋጅ ውሃ፣ ያውም አርባ አምስት ደቂቃ ሙሉ። እንፋሎቱ በበሩ ሥር እየሾለከ ኮሪደሩን ይሞላዋል። እኔም በጉም ውስጥ የምሄድ እየመሰለኝ ወደ ወጥ ቤት ሳልፍ፣ «ምነው፣ ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?» እያልኩ እቀልድበታለሁ። ከውስጥ በዕብራይስጥ የሆነ ነገር ይመልስልኛል፤ በውሃው ድምፅ ምክንያት አይሰማኝም። ደስ ብሎኝ ነበር። ጎረምሳ ልጇ ሲታጠብ የምትከፋ እናት የለችም።

ከዚያ ማቅለሽለሹ መጣ። ከአልጋው ሲነሣ ይጀምረዋል፣ ምግብ ሲያይ ያስመልሰዋል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይተወዋል። ሲወጣ ይመለስበታል። እኔ ያደግሁት ጎንደር ነው፤ ፍል ውሃ ስንቱን በሽተኛ በእግሩ እንዳስሄደ ሲወራ እየሰማሁ። ሆዱን ብርድ መትቶት ነው አልኩ። ተልባ አዘጋጀሁለት። ጣሪያችን ላይ ያለው ዱድ፣ የውሃ ማሞቂያው ማለቴ ነው፣ ክረምት ላይ ፀሐይ ስለማያገኝ በኤሌክትሪክ ቀኑን ሙሉ አሞቅለት ጀመር። ውሃው እንዳያልቅበት እኔና ባለቤቴ በቀዝቃዛ እንታጠባለን። ልጄን የማስታምም መስሎኝ ነበር።

ሥራዬ እዚሁ እስራኤል፣ በምንኖርባት በፔታህ ቲክቫ ከተማ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሽማግሌዎችን መንከባከብ ነው። ዕብራይስጤም የሥራዬን ያህል ናት፤ ተነሥ፣ ብላ፣ የት ጋ ያምሃል፣ አይዞህ። ሐኪም ሲፈጥንብኝ ይጠፋኛል። ከኢትዮጵያ እንደመጡ ብዙ እናቶች እኔም የማዘጋጃ ቤቱን ደብዳቤ፣ የባንኩን ስልክ፣ የወላጆችን ስብሰባ ሳይቀር የሚያስተረጉምልኝ ልጄ ነበር። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ የቤታችን አፍ እሱ ነው። እኮራበት ነበር። ስለዚህ ወደ ኩፓት ሖሊም፣ ወደ ሰፈራችን ክሊኒክ ስንሄድ፣ የታመመውም እሱ፣ የሚያስተረጉመውም እሱ ሆነ። ከመካከላችን ይህ ነገር ልክ አይደለም ያለ ሰው አልነበረም።

ሐኪሙ ብዙ ጠየቀው። አንዱ ጥያቄ ላይ ሲደርስ ያኢር ወደ እኔ ዞረ።

«ቁርስ ይበላል ወይ ነው የሚለው፣ እማ።»

እኔ ራሴን በኃይል እየነቀነቅሁ፣ እጄን እያወናጨፍኩ፣ «ሎ! ሎ! በጭራሽ!» አልኩ። ሐኪሙ ፈገግ ብሎ ጻፈ። የጨጓራ መድኃኒት ይዘን ወጣን።

ሦስት ወር ያህል እንዲያው በእንፋሎት ውስጥ ኖርን። ጨጓራውን በኤንዶስኮፒ አዩት፤ ንጹሕ ነው። ደሙን መረመሩ፤ ደህና ነው። ልጄ ግን ከስቶ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ፊቱ እየሳሳ ሄደ። አንዳንዴ ራት ላይ ተቀምጦ ሳየው በመስታወት ማዶ ያለ ይመስለኝና እጁን እነካዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ውሃው አልቆም አለ። ጠራሁት። አልመለሰም። በሩን ገፋሁት። ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከንፈሩ ደርቋል። ጣቶቹ ወደ ውስጥ ታጥፈው አልዘረጋ ብለዋል። ዓይኑ ክፍት ነው። እኔን ግን አያየኝም። ውሃውን ዘጋሁት። «እማ፣ አትዝጊው» አለኝ። አምቡላንስ ጠራሁ። የገዛ ቤቴ ቁጥር ጠፋኝ።

ድንገተኛ ክፍል ጉሉኮስ ተከሉለት። ፖታሲየሙ ወርዷል። ኩላሊቱ በውሃ እጥረት ተጎድቷል። ልቡን የሚከታተል ማሽን ደረቱ ላይ ለጠፉ። አንዲት ዶክተር መጥታ ፈጠን ፈጠን ብላ ተናገረች። እኔ እንደ ልማዴ ወደ ልጄ ዞርኩና «ምን አለች?» አልኩት።

ዶክተሯ እጇን አነሣች። «እሱ ዛሬ በሽተኛ ነው» አለች። ይህን ያህል ዕብራይስጥ ይገባኛል። አንዲት ነርስ ስልክ አምጥታ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። ከስልኩ ውስጥ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ፤ «ጤና ይስጥልኝ። አስተርጓሚ ነኝ። የሚባለውን ሁሉ፣ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እነግርዎታለሁ።» አልቅሼ አላውቅም ነበር እስከዚያች ደቂቃ።

«ልብዎ እንዲዘጋጅ እነግርዎታለሁ» አለች ዶክተሯ በአስተርጓሚዋ በኩል። «ዛሬ ባይመጣ ኖሮ ልቡ ሊቆም ይችል ነበር። አሁን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲገባ ይሻለዋል?»

ይሻለዋል አልኩ። ዶክተሯ ያኢርን እናትህ ፊት ልጠይቅህ ወይ አለችው፤ እሺ አለ። ማሪዋና ያጨስ እንደሆነ ጠየቀችው። ጣሪያውን እያየ ከአሥራ አራት ዓመቱ ጀምሮ አለ፤ አሁን አሁን በየቀኑ። ቀጥሎ ፊቱን ወደ እኔ አዞረና በአማርኛ ተናገረ።

«ያኔ ሐኪሙ የጠየቀው ይሄን ነበር። ስለ ቁርስ አልነበረም።»

የማላውቀውን ነገር በሁለት እጄ ያስተባበልኩት እኔ ነኝ። እናቱ ምስክር ሆና ስታበቃ ሐኪሙ ምን ያድርግ? በጥፊ ልለው ፈለግሁ። ጉሉኮስ የተተከለበትን ክንዱን አይቼ ተውኩት።

የሕመሙ ስም ካናቢኖይድ ሃይፐርኤመሲስ ሲንድሮም ነው። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ፣ ካናቢስ፣ ያው ማሪዋናው፣ ማቅለሽለሽን ያስታግሳል ይባላል፤ ለረጅም ጊዜ አዘውትረው የሚያጨሱ አንዳንድ ሰዎች ላይ ግን ይገለበጥና ራሱ ያስመልሳል። ልጄ ባቅለሸለሸው ቁጥር መድኃኒት መስሎት የበለጠ ያጨስ ነበር። «ማስመለሱ አድኖታል፣ ምክንያቱም ወደ እኛ አመጣው» አለች። «እኔን የሚያሳስበኝ አእምሮውም ነው። አእምሮ እስከ ሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየተሠራ ነው። በዚህ ዕድሜ ማጨስ ትኩረትንና ትውስታን ይጎዳል። አንዳንድ ልጆች ላይ ከባድ ጭንቀት ወይም የሌለ ድምፅ መስማት ያመጣል። በልጅነቱ የጀመረ ደግሞ መተው ይቸግረዋል።» መድኃኒቱን ስጠይቃት፣ «ፈጽሞ ማቆም። መቀነስ አይደለም» አለች።

እስከዚያው ድረስ ሆዱ ላይ ካፕሳይሲን የሚባል ቅባት ቀቡት፤ በርበሬ እንዲያቃጥል የሚያደርገው ነገር እሱ ነው አሉኝ። በርበሬ በሆድ ላይ! ከዚያ ሁሉ መከራ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

በአምስተኛው ቀን ወጣን። መጀመሪያ ያልበዋል፣ በትንሹ በትልቁ ይቆጣል፣ እንቅልፍ ያጣል፤ ይህ የማቆም ምልክት መሆኑን አስቀድመው ነግረውን ስለነበር በሩን በላያችን ላይ ሲያላጋው እኔና አባቱ ተያይተን እናልፈዋለን። ከዚያ ሕልም መጣ። ካናቢስ ሕልምን ያፍናል፣ ሲቀር ደግሞ ተጠራቅሞ ይመለሳል ብላን ነበር ዶክተሯ፤ ተመለሰም፣ እንደ ጎርፍ። በእኛ ቤት ሕልም ያየ ሰው ጠዋት ለቤተሰቡ ይናገራል፣ ሰሚውም ገና ሳይሰማ «ለደግ ያድርገው» ይላል። እናም ወደ ሥራ ስሄድ በሰፈራችን በማሃኔ የሁዳ ጠባብ መንገዶች እስከ አውቶቡስ ማቆሚያ ድረስ ይሸኘኛል፣ ሱቆቹ ገና መዝጊያቸውን ሲከፍቱ፣ እሱም እያዛጋ፣ በኪርያት አርዬ የፋብሪካ ሰፈር ሕንፃዎች መካከል በረዶ ሲጥል፣ ባቡሩ በብርቱካን ዛፎች ሥር ሲዋኝ፣ በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው አያቱ በጥሩ ዕብራይስጥ ሲያወራው ማየቱን ይነግረኛል። ሌላውን ነገር ሁሉ በዕብራይስጥ የሚመልስልኝ ልጅ ሕልሙን በአማርኛ ነው የሚነግረኝ፤ ቃል ሲጠፋው ይቆማል፣ እኔ አቀብለዋለሁ፣ ይቀጥላል። ሳላውቀው ከሥራዬ ይልቅ ያንን መንገድ እየናፈቅሁ እነሣ ጀመር።

አንድ ቀን በዚያው መንገድ፣ ከሕልሙ ወደ እውነቱ ሳናስበው ተሻገርን። ለምን እንደጀመረ ነገረኝ።

«የባንኩንም፣ የሐኪሙንም፣ ሁሉን መጥፎ ወሬ ቀድሜ የምሰማው እኔ ነኝ። ከዚያ ለእናንተ አለሳልሼ እነግራችኋለሁ። ማታ ጭንቅላቴ ዝም አይልልኝም ነበር፤ ሳጨስ ይተወኛል።»

ልቤ ተሰበረ። የቤታችን አፍ ያልኩት ልጅ ለካ ትከሻችንም ኖሯል። በዚያው ሳምንት ለማታ የዕብራይስጥ ትምህርት ተመዘገብኩ፤ ደብዳቤያችንን አሁን እኔ ነኝ የማነበው፣ እየተንተባተብኩም ቢሆን። ያኢር ወደ ወጣቶች አማካሪ ይሄዳል። እንቅልፍ እንዲወስደው ስልኩን ማታ ሳሎን ያስቀምጣል፣ ከሰዓት በኋላ ይሮጣል፤ ከድሮ ጓደኞቹ አንዱ ከማጨሱ ይልቅ ሩጫው ስቦት አብሮት ይሮጣል።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁን ስለ ገዛ ሕመሙ አታስተርጉሙት። አስተርጓሚ ጠይቁ፤ በስልክም ይገኛል፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከሙቅ ውሃ የማይወጣ፣ የሚያስመልሰው ልጅ ካላችሁ ለሐኪም ይህንኑ በግልጽ ንገሩ። ሰው ምን ይለናል ብላችሁ አትደብቁ፤ እኔም ልደብቀው ነበር። እናንተ ልጆች ደግሞ፣ ሲከብዳችሁ ከብዶኛል በሉ፤ የጀመራችሁም ከሆናችሁ ለሐኪም ሙሉውን ተናገሩ። ያችን ስልክ ያመጣችውን ነርስ፣ ዶክተሯንና ፊቷን አይቼው የማላውቀውን አስተርጓሚ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

አማካሪዋ አንድ ስምምነት አስገብታናለች። ያኢር ከማይሆን ቦታ መውጣት ሲፈልግ ይደውላል፣ እኔ እመጣለሁ፣ የዚያን ቀን ጥያቄ የለም። እሺ ስል ሰንበትን አላሰብኩም። አይሁድ ነንና ሰንበታችን ቅዳሜ ነው፤ በሰንበት በቤታችን ስልክ አይነሣም፤ እናቴም እኔም እሳት ሳንነካ ነው ያደግነው። ከዚያ ወዲህ ግን አርብ አርብ ማታ ሰንበት ሲገባ ስልኬን ሳላጠፋ መሳቢያ ውስጥ እተወው ነበር፤ ለባለቤቴም አልነገርኩት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መሳቢያው ጮኸ። አነሣሁት።

«እማ፣ ጊቫት ሽሙኤል መናፈሻው ጋ ነኝ። ልጆቹ እያጨሱ ነው። እግሬ አልሄድ አለኝ።»

በሰንበት አውቶቡስ የለም፤ ጊቫት ሽሙኤልም የጎረቤት ከተማ ናት። በእግሬ ወጣሁ። በሰንበት ያን ያህል ርቄ ሄጄ አላውቅም፤ ፀሐዩ ለስላሳ ነበር፣ መንገዱ ባዶ፣ ጫማዬ ብቻ ይሰማኛል። ከልጆቹ ተለይቶ መግቢያው አጠገብ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ሻባት ላይ ስልክ አነሣሽ» አለኝ።

«በሰደር፣ ምንም አይደል፣ ልጄ። ያላ፣ ተነሥ እንሂድ።»

ጎን ለጎን ሄድን። ጥያቄው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። በመንገዳችን ላይ ያለውን ድልድይ ካለፍን በኋላ፣ ሳልጠይቀው፣ «አላጨስኩም» አለ።

አመንኩት።