የተጣበቀው የድምፅ ቁልፍ

ስልክ ጠጋኙን ሰፈሩ «ቀስ በቀስ» ይለዋል፤ ቁልፎቹን ሳይፈትሽ የማንንም ስልክ አይደመስስም።

ወንድሟ ከማክሰኞ ጀምሮ የጠፋባት አንዲት ሴት የእሱን ስልክ አመጣችለት። ጠዋት ደጃፏ ላይ ተጥሎ ነው ያገኘችው። በበራ ቁጥር ቡትሎደር የሚባለው፣ ስልክ ገና ሲነሳ የሚታየው ገጽ ላይ ተገትሮ ይቀራል።

«ስምህን አለምክንያት አላወጡልህም! ደምስሰውና ክፈተው» አለችው።

«ኧረ እህቴ፣ ከደመሰስኩት ወንድምሽ የት እንደሄደ የሚነግረንም አብሮ ይጠፋል! ስልኩ ድምፅ መቀነሻውን ሰው የተጫነው መስሎት ነው የቆመው። ቁልፉ ተጣብቋል፤ እናላቅቀው።»

ቁልፉን በመርፌ ጫፍ ሲያነሳው እርጥብ የወንዝ አሸዋ ረገፈ። በአልኮል ጠረገው፤ ማብሪያውን ተጭኖ ያዘ። ስልኩ ተነሳ።

«ይኸው! አላልኩሽም?» ብሎ ዘረጋላት።

እሷ ግን ዓይኗ ከአሸዋው አልተነቀለም።

«ዋና አያውቅም እኮ» አለች።