ምን እንደሚለምኑ ያላወቁት ሽማግሌ

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ቢቸና ውስጥ በምሠራባት ጠባብ የላቦራቶሪ ክፍል ነው። ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ በዓመቱ ለአንድ የኤችአይቪ ጥናት ደም ሰብሳቢ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። መድኃኒቱ ቫይረሱን ከደም ውስጥ ጠራርጎ ያስወጣዋል፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም። ጥቂቱ ሕዋስ ውስጥ ተሸሽጎ ይተኛል፤ መድኃኒቱ ከተቋረጠ ይነቃል። አለቆቼ የሚፈልጉት ያን መደበቂያ ነው፤ እሱ ካልተገኘ ፈውስ የለም። ስለዚህ መድኃኒቱን ለብዙ ዓመት ሳያቋርጡ የወሰዱ ሰዎችን በዛ ያለ ደም እንዲሰጡን እንለምናለን።

እኔ ደግሞ ለልመና አልተፈጠርኩም። ባጃጅ ላይ “ወራጅ አለ” ማለት አፍሬ ቤቴን አልፌ የምወርድ፣ በእግሬ የምመለስ ሰው ነኝ።

ያን ቀን የመጡት የቅኔ መምህር ነበሩ። የሚኖሩት ሞጣ ነው፤ የሚያውቃቸው ሰው እንዳያያቸው ግን መድኃኒታቸውን ቢቸና ድረስ እየመጡ ይወስዳሉ። አብረዋቸው የሚኖሩት እህታቸው እንኳ ለጥርስ ሕክምና የሚመላለሱ ይመስላቸዋል፤ ያውም የቀሯቸው ጥርሶች በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ሳለ።

የስምምነት ቅጹን መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ጥናቱ ለእርስዎ በቀጥታ የሚሰጠው ጥቅም የለም የሚለው ላይ ሲደርሱ ቀና አሉ።

“ሲለምኑ እንዲህ ነው የሚባለው?”

“እውነቱ እሱ ነው፣ የኔታ።”

“ቫይረሱ ተኝቷል ነው ያልሽኝ?”

“አዎ፣ የኔታ።”

“እኔ ለማኅሌት በሌሊት እየተነሣሁ፣ እሱ በእኔ ደም ውስጥ ተኝቶ ይከርማል!” ብለው እስክሪብቶውን መለሱልኝ። “ጥጃ የሚለምን ሰው እንኳ ሽማግሌ ይልካል። አንቺ ደም በቁምሽ ትለምኛለሽ? እሑድ ሽማግሌ ይዘሽ ቤቴ ነይ። የመጡበትን ግን አንዲት ቃል እንዳትነግሪያቸው። ከዚህ ክፍል ምስጢር ይወጣል እያልኩ ስሰጋ ከርሜያለሁ። አፍሽን ካላመንኩት ደሙም ቀረ፣ ለመድኃኒቱም አልመጣም።”

ደሙ ቢቀር ሌላ ሰው ይፈለጋል። እሳቸው መድኃኒት ቢያቆሙ ግን የተኛው ይነቃል።

ማታ ወደ ቤት አከራዬ ሄድኩ። ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው።

“ጋሼ፣ እሑድ ሞጣ ድረስ ሽማግሌ ይሆኑልኛል?”

“ምን ልንለምን?”

“ልነግርዎት አልችልም።”

ዓይኔን መሬት ላይ ስተክል ፊታቸው በራ። “ገባኝ፣ ገባኝ” አሉ። ምን እንደገባቸው ለመጠየቅ አፈርኩ። ስሕተቴ ይህ ነበር።

እሑድ አውቶብሱ ገና ከመናኸሪያ ሳይወጣ ጀመሩኝ።

“ድሮ ሽማግሌ የሚልከው ወንዱ ነበር፤ ዘመኑ ተለወጠ፣ ይሁን። ልጁ የመንግሥት ሠራተኛ ነው?”

“ጋሼ፣ አልችልም።”

“ነጋዴ ነው?”

“አልችልም፣ ጋሼ።”

“መቼም ሹፌር አይሆንም!”

ሹፌሩ በመስታወቱ አየን።

ሞጣ ስንደርስ የኔታ በር ላይ ተቀበሉን። “ተቀመጡ እንጂ።”

“የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም” አሉ ጋሼ።

“ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ?”

ጋሼ እኔን አዩ። እኔ የነጠላዬን ጥለት አየሁ። “ይህች ልጃችን የምትሻውን እርስዎ ያውቁታል። እሱን ይስጡን።”

“ብዙ ነው የጠየቀችኝ።”

“ቢበዛም ለእሷ አይነፈግም። ጨዋ ናት፤ ሰው ቀና ብላ አታይም።”

የየኔታ እህት ከጓዳ ብቅ አሉ። “ኧረ ምን ጉድ ነው? እዚህ ቤት የሚዳር ወንድ ልጅ የለ!”

ጋሼ ቀስ ብለው የየኔታን ነጭ ጢም አዩ። ቀስ ብለው እኔን አዩ። “አንቺ ልጅ...” አሉና መደቡ ላይ ዘጭ አሉ።

የኔታ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። “ጌታው፣ እውነት የመጡበትን አያውቁም?”

“በታቦት! ከቢቸና ሞጣ ድረስ ስመረምራት ነው የመጣሁ። ችሎት ላይ እንዲህ ያለች ምስክር ብትገጥመኝ አስሬያት ነበር!”

የኔታ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። “ሰጥቻለሁ” አሉ። “ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ።”

ስንወጣ ጋሼን አስቀድመው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። “መደበቂያውን ያገኙታል?”

“አላውቅም፣ የኔታ። እርስዎ በሕይወት እያሉ ላይሆን ይችላል።”

“እሱንም ቅጹ ላይ ጨምሪበት” አሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት ከክፍሌ ስወጣ የጋሼ ባለቤት ግቢው መሐል ቆመው እልል አሉ። ጎረቤቶች ከአጥሩ በላይ ብቅ ብቅ አሉ። “እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ! ‘ሰጥቻለሁ’ አሉ አይደል? ዕድሜያቸው ገፋ ቢልም የተማሩ ናቸው!”

አይደለም ብል “ታዲያ ምን ነበር?” መምጣቱ ነው። “አሜን” አልኩ። አጥሩ ላይ ላሉትም ዞሬ አንድ በአንድ “አሜን፣ አሜን” አልኩና፣ የሞጣው መኪና ሳይደርስ፣ ስም በማይጻፍባቸው የደም መያዣ ቲዩቦች ላይ ቁጥር ልለጥፍ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።