የጋሽ ፊውዝ ቀኝ እጅ

ጋሽ ፊውዝ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ደብተር ይዘው ኮሌጅ ገቡ። ወደው አይደለም። ሠላሳ አንድ ዓመት በኤሌክትሪክ ሠራተኛነት ያገለገሉበት ዱቄት ፋብሪካ፣ ከዓመቱ መጨረሻ ወዲያ የብቃት ምስክር ወረቀት የሌለው ሰው የኤሌክትሪክ ሳጥን እንዳይከፍት የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ወረቀት የሌለው አይባረርም፤ በር ጥበቃ ላይ ይመደባል፤ ደመወዙም አይነካም። ለጋሽ ፊውዝ ግን መባረር ማለት ይኸው ነበር። የሞተ ሞተር በእጃቸው ተነሥቶ ሲያጓራ መስማት የለመዱ ሰው፣ ቀኑን ሙሉ የገቢ ወጪ መኪና ታርጋ ሲጽፉ ሊውሉ ነው።

ቅጽል ስሙን ያወጡላቸው የፋብሪካው ሰዎች ናቸው፤ ቶሎ ይቃጠላሉ ለማለት ነው። ቶሎ እንደሚበርዱም ማንም አይክድም፤ ለዚያኛው ግን ስም ያወጣላቸው የለም።

ኮሌጁ ኮሌጅ ይባል እንጂ ከአውቶቡስ ጋራዥ ጀርባ ያሉ ሦስት ክፍሎችና አንድ ወርክሾፕ ነው። ጋራዡ ውስጥ ሞተር በተነሣ ቁጥር አስተማሪው ንግግሩን ያቋርጣል፤ ተማሪው ጩኸቱ እስኪያልፍ ድረስ ከሰሌዳው ይገለብጣል። ጋሽ ፊውዝ የመጀመሪያ ቀን ሲገቡ አሥራ ስድስቱም ተማሪዎች መምህር መስለዋቸው ብድግ አሉ። "ቁጭ በሉ፣ እኔም እንደናንተው ነኝ" ብለው ኋላ ሄደው ተቀመጡ።

እውነተኛዋ መምህር ከልጃቸው በሁለት ዓመት ታንሳለች። ድምፅዋ ለስላሳ ነው፤ ሕጓ ግን ንቅንቅ አይልም። ቀመሩ መጀመሪያ ላይ ራሳቸውን አዞረው። ኋላ ጎረምሶቹ ቀመሩን ሲያስረዷቸው፣ እሳቸው ደግሞ ሽቦ ሳይበጠስ እንዴት እንደሚላጥ ያሳዩአቸው ጀመር። በጽሑፍ ፈተናው ከአሥራ ሰባቱ አራተኛ ወጡ። ውጤቱን ለባለቤታቸው ሦስት ጊዜ ነገሯት፤ በሦስተኛው "ሰማሁ እኮ ሰውዬ" አለቻቸው።

የቀረው የተግባር ፈተናው ነበር፤ እሱንማ ማን ይፈራዋል። መምህርቷ በአንድ እንጨት ሰሌዳ ላይ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ሶኬትና ትንሽ ሞተር ገጥማ፣ አንዱ ቦታ ላይ ብልሽት ደብቃለች። ተፈታኙ በአርባ ደቂቃ ውስጥ ፈልጎ ያገኘዋል። ከሁሉ በፊት ግን መስመሩ ኤሌክትሪክ እንደሌለው በቴስተር ማረጋገጥ አለበት፤ ኤሌክትሪክ ሲነካ እጀታው ውስጥ ትንሽ መብራት በሚበራበት ካቻቢቴ ማለት ነው። ጋሽ ፊውዝ ብልሽቱን በስድስት ደቂቃ አገኙትና ኮራ ብለው ዞሩ። መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣለች።

"ጋሼ፣ ወድቀዋል" አለች።

ቴስተሩ ከኪሳቸው አልወጣም ነበር። ሽቦውን የሞከሩት በቀኝ እጃቸው ጣቶች ጀርባ ነው፤ ሠላሳ አንድ ዓመት እንዳደረጉት፣ መንካታቸውን እንኳ ሳያውቁት። ይህን ያስተማሯቸው የድሮ አለቃቸው ናቸው። በመዳፍህ ከነካህ እጅህ ይጨብጥና አይለቅም፣ በጀርባው ከነካህ ግን ራሱ ይወረውርሃል፣ ይሏቸው ነበር።

ፊውዙ ተቃጠለ። መስመሩ ኤሌክትሪክ እንዳልነበረው፣ ያጠፋችውም ራሷ መሆኗን፣ እሷ ሳትወለድ እሳቸው በዚህ ሥራ ላይ እንደነበሩ ዘረዘሩላት። እስኪጨርሱ ጠበቀቻቸው።

"ማጥፋቴን እኔ አውቃለሁ። እርስዎ በምን አወቁ?"

መልሱ "በእጄ" ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ የመጨረሻ ዕድል እንዳላቸው ነግራቸው ተረኛውን ተማሪ ጠራች።

ቤት ሲደርሱ ባለቤታቸው ነገሩን ሰምታ፣ ከሽንኩርቷ ቀና እንኳ ሳትል "አመል ያወጣል ከመሀል" አለች። ከእሷ ፍርድ እንደማያገኙ ሲያውቁ ለልጃቸው ደወሉ። ልጃቸው ሌላ ከተማ አዳዲስ ሕንፃዎች ላይ የኤሌክትሪክ መስመር ይዘረጋል። ሙያውን ከነእጁ ጀርባ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እሱ ይፈርድልኛል ብለው ነው።

ልጁ ሳቀ። "አባዬ፣ እውነቷን እኮ ነው። እኔም የምሠራው በቴስተር ነው።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከድሮም። ካንተ ጋር ስንሠራ ብቻ ነው በእጄ የምነካው። እንዳይከፋህ ብዬ።"

ስልኩን ሲዘጉ መጀመሪያ የተሰማቸው ንዴት ነበር፤ ለካ ስንት ዓመት እንደ ልጅ ሲያባብለኝ ኖሯል ብለው። ራት ቀርቦ ሁለቴ ቀምሰው ከተዉት በኋላ ግን ሌላው ሐሳብ መጣ። ይህ ልጅ አባቱን ደስ ለማሰኘት ሲል ባዶ እጁን ሽቦ ላይ ያሳርፍ ነበር፤ እሳቸውም አጠገቡ ቆመው "ጎበዝ" ይሉት ነበር። ፈሩ። ያለፈ ነገር እንዲህ ያስፈራል ብለው አስበው አያውቁም።

በማግስቱ ጎረምሶቹን ሰብስበው እርዱኝ አሉ። ሥራው ቀላል ነው፤ ቀኝ እጃቸው ወደ ሽቦ ሲሄድ ያየ ሁሉ ይጩህ። ጎረምሳ እንዲህ ያለ ፈቃድ ከየት ያገኛል? ወርክሾፑ "ጋሼ፣ እጅዎ!" በሚል ጩኸት ተሞላ። አንዷ ተማሪ ማስመሪያ ይዛ መጥታ ጣታቸውን ቸብ ታደርግ ጀመር። በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ጊዜ ቀመሱ፤ በሳምንቱ ወደ ሦስት ወረደ። ደብተራቸው ላይ ሲጽፉ እንኳ "እጅዎ!" የሚል ባለጌ አልጠፋም። እሳቸው ግን በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድም ቀን አልተቃጠሉም።

የድጋሚው ፈተና ዕለት ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ቀኝ እጃቸው ተነሣ። ዛሬ የሚጮህላቸው የለም። ከሽቦው ስንዝር ሲቀረው አንጓውን በግራ እጃቸው ያዙትና ጥቂት እንደዚያው ቆዩ። መምህርቷ አየች። ከዚያ ቴስተሩን አወጡ። መጀመሪያ መሥራቱን ለማየት ኤሌክትሪክ ባለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ሞከሩት፤ በራ። የሰሌዳውን መስመር ነኩበት፤ አልበራም። ተመልሰው ሶኬቱ ላይ ደገሙት፤ በራ። ብልሽቱን እስኪያገኙ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀባቸው፤ ሸሚዛቸው በላብ ጀርባቸው ላይ ተጣብቋል። መምህርቷ ማለፋቸውን የነገረቻቸው ብድግ ብላ ነው።

ፋብሪካው የወረቀታቸውን ኮፒ አስቀርቶ የሳጥኖቹን ቁልፍ በእጃቸው ተወላቸው። ከሥራ ሲወጡ ለልጃቸው ደወሉ። በጣም ደስ አለው፤ በወሩ መጨረሻ መጥቶ የጓሮውን መብራት አብረው እንዲቀይሩ ሐሳብ አቀረበ። ጋሽ ፊውዝ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሊጠይቁት የፈሩት ጥያቄ ነበራቸው።

"እኔ አጠገብ ሆነህ ስትነካ፣ ነዝሮህ ያውቃል?"

ልጁ "ተወው አባዬ፣ አልፏል" አለ።

"ንገረኝ።"

"አንዴ። አክስቴ ቤት፣ መሰላሉ አንሸራተተኝ ያልኩህ ቀን።"

ያን ቀን ልጁ እጁ ተሰብሮ ነበር። ጋሽ ፊውዝ ክሊኒክ እስኪደርሱ ድረስ፣ መሰላል እንኳ በወጉ ማቆም የማትችል ብለው መንገዱን ሙሉ ተቆጥተውታል። እሱ የተሰበረ እጁን በደህናው ታቅፎ አንዲት ቃል ሳይመልስ አብሯቸው ሄዷል። ጋሽ ፊውዝ ከፋብሪካው አጥር ጥግ ቆሙ። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ አይተው አያውቁም፤ እንዴት እንደሚጀመርም አያውቁበትም።

"ይቅር በለኝ፣ ልጄ" አሉ።