እማማ የሺ ከመዳሯ በፊት

የሄድኩበት ዕለት ማታ፣ የአባቴ ወንድም ጋሼ ታደሰ ሻንጣዬን ለመዝጋት ጉልበቱን ጭኖበት ሳለ ድንገት ተወውና "በይ ቁጠሪ" አለኝ። ምን እንደምቆጥር አውቃለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያስቆጥረኛል። አበራ፣ በቀለ፣ ገብሬ፣ ወልደሚካኤል፣ አያሌው፣ ደምሴ፣ ወረደ። በአንድ ትንፋሽ ጨረስኩለት። "በቃ፣ የትም ብትሄጂ አትጠፊም" አለ። ታክሲው ውጪ ክላክሱን ያንጫርራል፣ በርበሬው ከፌስታሉ ወጥቶ ልብሴ ላይ ተደፍቷል፣ እሱ የሞቱ ወንዶች ያስቆጥረኛል።

እማማ የሺ ጥግ ላይ ተቀምጣ እንዝርቷን ታሾራለች። የአባቴ እናት ናት። አባቴና እናቴ በልጅነቴ ስላረፉ ያሳደገችኝ እሷ ናት፣ ለሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች። "በእማማ በኩልስ?" አልኩት ጋሼን፤ ላናድደው ብዬ ነው። "ዘር በአባት ነው። ተነሽ፣ አውሮፕላኑ ያመልጥሻል።" እማማ ቀና ብላ አየችኝ። የሆነ ነገር ልትል ነው ብዬ ጠበቅኩ። ክሩ ተበጠሰባት። ተነስታ እንትፍ እንትፍ ብላ መረቀችኝ፣ በራሷ ፈትል የተሠራ ጋቢ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ፣ ወጣሁ።

የመጣሁት ጀርመን ነው፣ አንዲት ትንሽ ከተማ። አረጋውያን እየተንከባከቡ መማር ነው፤ አውስቢልዱንግ ይሉታል። እንጦጦ ሥር በሐምሌ ብርድ የምታማርሩ ወገኖቼ፣ እዚህ በጥር አውቶብስ ጠብቁና እናወራለን። ዳቦአቸው ሰው ይፈነክታል። ጎረቤት ስትታመሚ አይጠይቅሽም፣ ቆሻሻ የተሳሳተ ባልዲ ውስጥ ስትጥዪ ግን በሩጫ ይመጣል። አከራዬ ፍራው ሄልጋ ሽንኩርት ባቁላላሁ ቁጥር ታንኳኳለች።

"እየተቃጠለ ነው?"

"አይ፣ ወጥ ነው።"

"እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚቃጠለው?"

እማማ የሞተችው እዚህ እያለሁ ነው። ከተቀበረች በኋላ ነገሩኝ። "እንዳትደነግጪ ብለን ነው" አሉ። ስደት ላይ ያላችሁ ሁሉ ይችን ነገር ታውቋታላችሁ። የሰው እናት እያጠብኩ እየመገብኩ ዋልኩ፣ የራሴን ሌላ ሰው ገነዘልኝ።

ከዚያ ሄኖክን ተዋወቅኩ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ እሱም እዚሁ የሚሠራ። ልንጋባ ተስማማንና ወደ ጋብቻ ቢሮው ሄድን፤ ስታንደስአምት ይባላል። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ያደረገች ሴትዮ ትጠይቀኛለች።

"የእናትሽ ገቡርትስናመ?" ሳታገባ በፊት የነበራት ስም ማለቷ ነው።

ነገርኳት።

"ይሄ ከጋብቻ በኋላ ያለው ነው። ከጋብቻ በፊትስ?"

"ያው ራሱ።"

"እንግዲያው አላገባችም።"

"አግብታለች! ድንኳን ተጥሎ፣ በሬ ታርዶ!"

"ታዲያ ስሟ ለምን አልተለወጠም?"

ደረቴን ነፋሁ። "እኛ አገር ሴት ስታገባ ስሟን አትጥልም። የአባቷን ስም ይዛ ትሞታለች። እናንተ ናችሁ የምትነጥቋት" አልኳት። ሄኖክ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠኝ። ሴትዮዋ የሆነ ነገር ጫረች። እንደ ጀግና እየተንጎራደድኩ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት የሄኖክ እናት፣ ወይዘሮ አልማዝ፣ ከአዲስ አበባ ደወሉ።

"መቅዲዬ፣ አያትሽ የቡልጋ ሰው ነበሩ አሉ?"

"አዎ፣ ከቡልጋ ነው ተድራ ጉለሌ የመጣችው።"

"እኛም እኮ ከዚያው ነን። ሰባት ቤት ሳይቆጠር ተክሊል የለም ልጄ። እህትና ወንድም አጋብቼ በየት ሰማይ ሥር ልቁም?"

ቆጠርኩላቸው። የአባቴን መስመር እንደ ውሃ አወረድኩት። የእናቴ ወገን ጎጃም ነው፣ አላሰጋቸውም። "አያትሽስ የማን ልጅ ናቸው?" አሉኝ።

"የሺመቤት ገብሬ" አልኩ፤ የቀበሌ መታወቂያዋ ላይ የነበረው እሱ ነው። ገና ከአፌ ሳይወጣ ደረቀብኝ። ገብሬ የባሏ አባት ነው። አሁን ቆጥሬው የለ?

"ወንዱ አያትሽ እህታቸውን ነው እንዴ ያገቡት?" ብለው ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። "በይ አጣሪ" አሉኝ ስቀው ሲጨርሱ። "ሳይጣራ እኔ የለሁበትም።" ሄኖክ ያለ እናቱ ምርቃት አያገባም፤ እኔም እንዲያገባ አልፈልግም።

ለጋሼ ደወልኩ።

"የእናትህ አባት ማን ይባላል?"

"ገብሬ ነዋ።"

"ገብሬ የአባትህ አባት ነው።"

"እ... ማለቴ... አባዬ ነው መታወቂያውን ያወጣላት። ምን ያደርግልሻል?"

"ላገባበት!"

"ዘር በአባት ነው አላልኩሽም?"

"ጋሼ፣ ወረደ የሚባል በዓይንህ አይተኸው የማታውቅ ሰውዬ እየሸመደድክ፣ ያጠባችህ ሴት የማን ልጅ እንደሆነች ጠፋህ?"

ዘጋብኝ።

የቀሩት እትዬ ዘነበች ናቸው፤ ግድግዳ የሚጋሩን፣ ከእማማ ጋር ዕድሜ ልክ ጥጥ የፈተሉ። የአባቷን ስም ስጠይቃቸው "የሷን የራሷን መቼ አወቅሽና ነው?" አሉኝ።

"እንዴት?"

"የሺመቤት እኮ የምራት ስሟ ነው። የገባች ዕለት አማቷ፣ የባሏ እናት፣ ናቸው ያወጡላት። ያኔ እንደዚያ ነው ልጄ፤ ሙሽራ ስትመጣ አዲስ ስም ይሰጣታል።"

"የፊቱስ?"

"እኔ ስመጣ የሺ ነበረች፣ በምን አውቃለሁ? አንድ ቀን ስንፈትል 'በድሮው ስሜ የሚጠራኝ ሰው አማረኝ' አለችኝ። ማነው ስሙ ብላት ስቃ እንዝርቷን አሾረች። እኔም አልደገምኩት።"

ስልኩን ይዤ ኩሽናው ወለል ላይ ቁጭ አልኩ። ያቺ ባለመነጽር ሴትዮ ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። እንዴት ደረቴን ነፍቼ ነበር! ፈረንጆቹ የሴቲቱን የአባት ስም ነው የሚወስዱት። እኛ እማማን ሙሉዋን ነው የወሰድናት፤ የራሷን ስም አማቷ ባወጡት፣ የአባቷን በአማቷ ባል ስም ተክተን። የሺህ ሰው እመቤት ብለው ሰየሟት፣ የአንዲት በርጩማ እመቤት ሳትሆን ኖረች። ቄሱ በክርስትና ስሟ ፈቷት፣ ሰፈሩ በምራት ስሟ አለቀሰላት፣ የወለዳት አባት ያወጣላትን የሚያውቅ አንድ ሰው ቀብሯ ላይ አልቆመም። ሰባት ወንድ ግን ተሸምድዷል! እናንተም አትሳቁብኝ። ሂዱና የአያታችሁን ስም ጠይቁ፤ አሁንም በሕይወት ካለች።

ለጋሼ እንደገና ደወልኩ። ሰላምታም አላልኩ። "እናትህ የሺ አይደለችም። አያትህ ናት ያወጣችላት። ቡልጋ ብትጠይቅ የሺመቤት የምትባል ሴት ከዚያ አልወጣችም ይሉሃል" አልኩት በአንድ ትንፋሽ።

ወንበር ስቦ ሲቀመጥ ሰማሁ።

"አንድ ሰውዬ መጥቶ ነበር" አለ።

"የት?"

"በራችን ላይ። አንቺ ትምህርት ቤት ነበርሽ። ሸምገል ያለ ነው። ከቡልጋ ነኝ አለኝ። 'ጉለሌ የተዳረች እህት አለችኝ፣ ስትሄድ ሕፃን ስለነበርኩ ባሏን አላውቅም፣ ሳልሞት ልያት ብዬ ቤት ለቤት እየጠየቅኩ ነው' አለ። ስሟን ከነአባቷ ነገረኝ።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"በዚህ ሰፈር እንደዚህ የምትባል ሴት የለችም አልኩት።"

"እማማ የት ነበረች?"

"ጓሮ። ጥጥ ትባዝት ነበር። ውሃ ስጠኝ አለ፣ ሰጠሁት። ቆሞ ጠጣና እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ወደ ታች ወረደ። አንዱ ዓይኑ ጠበብ ያለ ነበር፣ እንደሷ። አሁን ነው የታየኝ መቅዲ። አሁን።"

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ነበር። ድምፁን ስሰማ ተውኩት። "ስሙን፣ ጋሼ" አልኩት። "የነገረህን ስም።"

"ቆይ... ቆይ እስቲ... ጥሩነሽ... አይ፣ አይደለም። አሰለፈች... እሱም አይደለም።"

ሄኖክ የራሱን ስልክ በእጁ ሸፍኖ በሩ ላይ ቆመ። "እናቴ ናት፣ ምን ልበላት?" አለኝ በሹክሹክታ። በእጄ ቆይ አልኩት።

"ማናለብሽ... አይ... በለጥሽ..." ይላል ጋሼ። ሰባት ወንድ በአንድ ትንፋሽ የሚያወርደው ሰውዬ አንዲት ሴት ፍለጋ ይንተባተባል። "ሥራ የለሽም እንዴ? ዝጊው፣ ሳስታውስ እደውላለሁ።"

"አልዘጋም" አልኩት። "ቀጥል።"