ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ

ዛሬም ሰው ስልኩን ዘርግቶልኝ «የሚስጥር ቁጥሬ ጠፋኝ፣ እስቲ እዪልኝ» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ጎረቤት ይመጣል፣ የእህቴ ልጅ ትመጣለች፣ የዕድሩ ጸሐፊ ይመጣሉ፤ ሁሉም ቁጥሩን የጣልኩት እኔ ይመስል ፊቴ ላይ ያፈጣሉ። እሠራላቸዋለሁ። ከሠራሁ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ እነጫነጫለሁ። ልጆቼ እርጅና ነው ይላሉ። እርጅና አይደለም። ይሄ ንዴት ናዝሬት ላይ የያዘኝ ነው፤ ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፣ እኔ የሃያ ስድስት ዓመት ታይፒስት ሳለሁ።

የምሠራው በአንድ የመንግሥት ድርጅት ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ነበር። ሥራ አስኪያጁ ጠሩኝና ጣትሽ ፈጣን ነው፣ ለሁለት ወር የኮምፒውተር ኮርስ አዲስ አበባ ትሄጃለሽ አሉኝ። ሄድኩ፣ ተምሬ መጣሁ። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካው ነገር ሁሉ የእኔ ሆነ። የተቃጠለ ካውያ፣ ካሴት የሚበላ ቴፕ፣ አንዴ ደግሞ የማይጮህ የበር ደወል። «አንቺ ኮምፒውተር የተማርሽ፣ ይሄ ያቅትሻል?» ይሉኛል። አፍሬ ስነካካው ካውያው ጭራሽ ይሞታል፤ ያኔ ደግሞ «ባትነኪው ይሻል ነበር» ብለው ያኮርፉኛል።

ኮምፒውተሩ፣ ሁሉም ማሽኑ የሚሉት፣ መጣ። አንድ ብቻ ነው። ክፍል ተለቀቀለት፣ ምንጣፍ ተነጠፈለት፣ መጋረጃ ተሰቀለለት፤ የእኛ የታይፒስቶቹ ክፍል ጣሪያ ግን ማፍሰስ ከጀመረ ሦስት ክረምት አልፎታል። አቧራ ያበላሸዋል ተብሎ ጫማ ሳያወልቁ መግባት ተከለከለ። የናዝሬትን ሙቀት የሚያውቅ ሰው፣ ከቀትር በኋላ ያ ክፍል ምን ምን እንደሚሸት ይገባዋል። የሠራተኛውን ሁሉ የአገልግሎት ካርድ፣ የተቀጠረበትን ቀን፣ የሥራ መደቡን፣ ዕረፍቱን ሳይቀር አራት ወር ሙሉ ተቀምጬ አስገባሁ። ስጨርስ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊው «እንግዲህ ማሽኑ ውስጥ ከገባ ወረቀቱ አይጥ ከማራባት በቀር ምን ይሠራል?» አሉና ካርዶቹን በጆንያ አስሞልተው ለባለሱቆች መጠቅለያ አስሸጧቸው። ትንሽ እንኳ ይቆዩ ብል «በሳይንስ አታምኚም እንዴ?» ተባልኩ።

ከዚያ የሚስጥር ቃሉ ነገር መጣ። ማሽኑ ሲከፈት ቃል ይጠይቃል፤ ያንን ቃል አንድ ሰው ቢይዘው ይበቃ ነበር። እነሱ ግን ስብሰባ ጠሩ። ከጠዋት እስከ ምሳ ተከራከሩ። በመጨረሻ አንዱ የዕድራቸውን ሣጥን አስታወሱ፤ ባለ ሦስት ቁልፍ ነው፣ ቁልፎቹን ሦስት ሰዎች ይይዛሉ፣ ሦስቱ ካልተገናኙ አይከፈትም። ግሩም ሐሳብ ነው ተባለ፣ ተጨበጨበ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። ቃሉ ሦስት ቦታ ተከፈለ፤ አንዱን ሥራ አስኪያጁ፣ አንዱን የሒሳብ ኃላፊው፣ አንዱን የፓርቲው ተጠሪ ያዙ። በየጠዋቱ ሦስቱም በካልሲ ይገባሉ፣ ተራ በተራ ድርሻቸውን በአንድ ጣት ይለቅማሉ። እኔ «ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ» እባላለሁ። ከዚያ ማሽኑን ከፍተውልኝ ይወጣሉ፤ ቀኑን ሙሉ ብቻዬን እውልበታለሁ።

ግድግዳው ላይ እንደየመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ባለ መስታወት ነው። የጠዋት ብርሃን በመስኮቱ ሲገባ የማሽኑ የፊደል ቁልፎችም ጣቶቹም መስታወቱ ውስጥ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ልሰልል ብዬ አልነበረም። ፊትሽን አዙሪ አሉኝ እንጂ ዓይንሽን ጨፍኚ አላሉኝም። ታይፒስት ደግሞ የፊደሉን ቦታ በእንቅልፏም ታውቀዋለች፤ በሳምንት ውስጥ ሦስቱንም ያዝኩ። የሥራ አስኪያጁ የሴት ልጃቸው ስም ነው። የሒሳብ ኃላፊው ከአንድ እስከ አምስት ይቆጥሩና ያበቃሉ። ተጠሪው ግን፣ በየሳምንቱ በውይይት ክበብ ላይ ቤተ ክርስቲያን የሚስመውን ሠራተኛ ኋላ ቀር እያሉ የሚያሸማቅቁን ሰውዬ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል «ገብርኤል» ብለው ነበር የሚጽፉት። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ሳቄን ለመዋጥ ከንፈሬን ነከስኩ።

በሩ ላይ የነበሩት ዘበኛ የአርሲ ሰው ናቸው። በየጠዋቱ «አካም ቡልቴ?» ብለው እንዴት እንዳደርኩ በኦሮምኛ እየጠየቁ ይቀበሉኛል፤ በዕድሜ አባቴ ስለሚሆኑ አባባ ነበር የምላቸው። ከባለቤታቸው ጋር ግቢው በር አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ይኖሩ ነበር። ጡረታ የሚወጡበት ጊዜ ደረሰ። ጡረታው እንዲያዝላቸው ስንት ዓመት እንዳገለገሉ ከመሥሪያ ቤቱ ማስረጃ ማቅረብ አለባቸው፤ ካርዳቸው ተሸጧል፣ ዓመቱ ያለው ማሽኑ ውስጥ ብቻ ነው። ልክ በዚያ ሰሞን ተጠሪው ለሦስት ወር የፖለቲካ ትምህርት ሄዱ። ያለ እሳቸው ማሽኑ አይከፈትምና ነጭ ጨርቅ ለብሶ ተቀመጠ። ሽማግሌው ከቢሮዬ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። «ሰውየው ይመጣሉ፣ ምን ችግር አለ ልጄ» ይሉኛል። የሚያጽናኑት እኔን ነው።

ሰውየው መጡ። የመጡት ግን ሊሰናበቱ ነው፤ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውረዋል። ማኅተሙን፣ መዝገቡንና የሚስጥር ቃሉን ለተተኪያቸው በኮሚቴ ፊት እንዲያስረክቡ፣ ቃሉም በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር ተወሰነ። ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ። ማኅተሙን አስረከቡ፣ መዝገቡን አስረከቡ። ቃሉ ጋ ሲደርሱ ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉና «ረስቼዋለሁ» አሉ። ጻፊ ተባልኩ። ስጽፍ እስክሪብቶው ወረቀቱን ቀደደው።

አልረሱትም። የመልአኩን ስም በጓዶቻቸው ፊት ከሚጠሩ ማሽኑ ከነሆዱ ቢቀበር ይመርጡ ነበር። ከስብሰባው በኋላ ቢሯቸው ገባሁ።

«ጓድ፣ እርስዎ አልረሱትም» አልኳቸው።

«ምን ማለትሽ ነው?»

«በፎቶው መስታወት አይቻለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ይክፈቱት፣ እኔ ወዲያው በሌላ ቃል እለውጠዋለሁ፤ የድሮው ምን እንደነበረ ማንም አያውቅም። የዘበኛው ጡረታ እኮ ነው የቆመው።»

በሩን ዘጉት። ፊታቸው አመድ መስሏል። «ረስቼዋለሁ ብዬ አስጽፌያለሁ። አሁን ትዝ አለኝ ብል ዋሽተህ ነበር ሊሉኝ ነው። ልጆች አሉኝ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ፣ «አንቺስ? የድርጅቱን ሚስጥር በመስታወት ስሰልል ነበር ልትዪ ነው? ይሄ እኮ አሻጥር ነው የሚባለው» አሉኝ። እያስፈራሩኝም እየለመኑኝም ነበር።

በማግስቱ ሄዱ። አሻጥር የምትል ቃል በዚያ ዘመን ሰውን የት እንደምታደርስ የኖረበት ያውቃል። ሦስቱንም ቃል ስለማውቅ ሰው በሌለበት ገብቼ መክፈት እችል ነበር፤ ግን ማስረጃውን ከየት አመጣሽው ቢሉኝ ምን እላለሁ? አፌን ዘጋሁ። ሥራ አስኪያጁ ባለሙያ ይላክልን እያሉ ደብዳቤ በደብዳቤ ላይ ያስጽፉኛል። የሒሳብ ኃላፊው ነቅለን ለሁለት ቀን ፀሐይ ብናሳየውስ ይሉኛል። «አንቺ ተምረሻል እኮ» ይላሉ ሁለቱም፣ ጥፋቱ የእኔ በሆነ ድምፅ። በልቤ እሰድባቸዋለሁ፣ በአፌ እሺ ጌታዬ እላለሁ።

አዲስ ዘበኛ ተቀጠረና ቤቷ ተፈለገች። ሽማግሌው አልጋቸውንና አንድ ሣጥን ጋሪ ላይ አስጫኑ፤ አቦምሳ ወንድማቸው ጋ ሊጠጉ ነው። በዚህ ዕድሜያቸው የሰው ቤት ሊገቡ። ባለቤታቸው ዞር ብለው አላዩንም። እሳቸው ግን እጄን ይዘው «ማሽኑ ሲሻለው ላኪልኝ እሺ?» አሉኝ። እሺ አልኳቸው። ማሽኑ ምንም አልሆነም ነበር።

ከወር በላይ አለፈ። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከመሥሪያ ቤቱ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ኦቾሎኒ ገዛሁ። የተጠቀለለው በእኛ ካርድ ነው። የማላውቀው የአንድ የቀን ሠራተኛ ካርድ ነበር፤ የተቀጠረበት ቀን፣ የአውራ ጣቱ አሻራ፣ ሁሉም አለ። ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኦቾሎኒውን መንገድ ላይ ደፋሁትና ተመልሼ ገባሁ። ግቢው ጭር ብሏል። የማሽኑን ክፍል ከፈትኩ፤ ጫማዬን አላወለቅሁም። ጨርቁን ገፈፍኩ፣ የሥራ አስኪያጁን ልጅ ስም ጻፍኩ፣ ከአንድ እስከ አምስት ቆጠርኩ፣ የመልአኩን ስም ጨመርኩ። ተከፈተ። የሽማግሌውን ዘመን ከዚያው ከመጠቅለያው ጀርባ ላይ ገለበጥኩ። በጥድፊያ ስለጻፍኩት ኋላ የራሴን ጽሑፍ ለማንበብ ተቸገርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ከምሳ ሲመለሱ በራቸው ላይ ጠበቅኋቸው። መንገድ ላይ የመጣልኝን ነው ያልኩት፦ «ጌታዬ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ማሽኑ ራሱ ተከፍቶ አገኘሁት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። አሁን ለፖሊስ ሊደውሉ ነው ብዬ በሩን አየሁ።

«ማሽን እኮ እንዲህ ነው!» አሉ። «ማረፍ ነበር የፈለገው!»

የሒሳብ ኃላፊው ተጠሩ፤ እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ድሮም ብዬ ነበር አሉ። አንድም ሰው አልመረመረኝም። ማሽኑ በመብራት መቋረጥ ምክንያት ራሱን እንደከፈተ በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። እኔው ራሴ ጻፍኩት። ማስረጃው ተተየበ፣ ተፈረመ፣ ማኅተም አረፈበት። ከዚያ አዲስ የሚስጥር ቃል ሊመርጡ፣ በአዲሱ ተጠሪ ተሟልተው፣ ሦስቱ በካልሲ ገቡና ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙሪ አሉኝ።

የምር የተናደድኩት ያኔ ነው። በእነሱ አይደለም፣ እነሱማ ያው ናቸው። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የፈጀው። ሽማግሌው አግዳሚው ላይ ሳሉ፣ ጋሪው ሳይመጣ ያንኑ ብል ያንኑ ያምኑኝ ነበር። ከእኔ በቀር ስለ ማሽኑ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ቤት፣ በጣም የፈራሁት እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ አውቶቡስ ተሳፍሬ አቦምሳ ሄድኩ። የወንድማቸውን ቤት ጠይቄ አገኘሁት። ሽማግሌው ከጓሮ በኩል ባለች ጠባብ ክፍል ደጃፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከስተዋል። ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ማኅተሙን ሳሙት። ከዚያ እጄን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ ሸሸሁ። ባለቤታቸው አሬራ በጣሳ ሰጡኝ።

«ማሽኑ ተሻለው ማለት ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ ተከፈተ።»

ደብዳቤውን ቀስ ብለው አጠፉና የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ኪሱን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት።

«መብራቱማ» አሉ፣ «እኔ እዚያ ሳለሁም በየሳምንቱ ይሄድ ነበር።»

ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም። እሳቸው ወደ ባለቤታቸው ዞረው በኦሮምኛ ድገሟት አሉ፣ ጣሳዬም እንደገና ሞላ።