የአባባ መሰንቆ ዱባይ ላይ

አባባ ለሠርጌ ከመካነ ሰላም ወደ ዱባይ ሲመጡ አንድ ሐሳብ ብቻ ይዘው ነበር፤ ልጃቸውን በገዛ መሰንቋቸው መዳር። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሠራተኛዋ መሰንቆው ከሻንጣ ጋር ይጫን ስትላቸው፣ "እሱ ከተጫነ እኔም አብሬው እጫናለሁ" ብለው ድርቅ አሉ። ስቃ አሳለፈቻቸው። አራት ሰዓት ሙሉ ታቅፈውት መጡ።

እኔ ግን ደስ አላለኝም። ለእጮኛዬ ለሚሊዮን ዘመዶች አባቴ ገበሬ ነው ብዬ ነበር። ገበሬም ናቸው፣ ውሸት አይደለም። አዝማሪነታቸውን ነው የዋጥኩት።

ሠርጉ አንድ ቀን ሲቀረው ጠዋት የመሰንቆው ቆዳ ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ ተገኘ። ጥፋቱ የራሳቸው ነው። በሐምሌ ዝናብ አዲስ ቆዳ አልብሰው፣ እንዲጮህላቸው ብለው ከልክ በላይ ወጥረውት ነበር፤ የዱባይ ደረቅ አየር ጨረሰው። አባባ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብለው አንገታቸውን ደፉ። እውነቱን ልናገርና እኔን ቅልል አለኝ።

አብራኝ የምትኖረው የአጅባሯ ኸዲጃ ግን አባባን "አያ ክንፈ፣ አብሽሩ" ብላ ወጣች። ከቄራ እርጥብ የፍየል ቆዳ በፌስታል ይዛ ተመለሰች። አባባ ፀጉሩን በምላጭ ላጭተው መሰንቆውን አለበሱና ጣራ ላይ አወጡት።

"አሁን ላላ ይበል፤ መወጠሩን ለዚህ ፀሐይ ተዉለት" አሉ።

ጋቢያቸውን ተከናንበው ቀኑን ሙሉ ከአጠገቡ አልተነሡም፤ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው። ውሃ ሳቀብላቸው ጣቶቻቸው በምላጭ ተቆራርጠው አየሁ። ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ።

በሠርጉ ዕለት ዲጄው አረፍ ሲል አባባ ተነሡ። አዲሱ ቆዳ ከአሮጌው በልጦ ጮኸ። ሟች እናቴን እያነሡ፣ እኔን እያሞገሱ፣ ሚሊዮንን እየነካኩ ግጥሙን ሲያወርዱት ምግብ አቅራቢዎቹ ሳይቀሩ ሳህናቸውን አስቀምጠው እስክስታ ወረዱ። ከሥራዋ ዘግይታ የደረሰችው የሚሊዮን አክስት "ተቀበል" እያለች ግጥም ትሰጣቸው ጀመር፤ አንዱንም ሳይጥሉ አሳምረው መለሱላት። በላብ ተጠምቃ ወደኔ መጣች።

"ይህን የመሰለ አዝማሪ ከየት ቀጠራችሁት?"

"አልቀጠርናቸውም" አልኩ፣ አዳራሹ ሁሉ እንዲሰማኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። "አባቴ ናቸው።"