ከግንባሯ ላይ የሚበራው

ሠዓሊው ዘመንፈስቅዱስ ግራ ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሰው ሁሉ ጮክ ብሎ ነው የሚያናግረው፤ የጠፋው ጆሮው ይመስል። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል በሚሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ግን አባ ወልደ ኢየሱስ አይራሩለትም። አብረው ፊደል የቆጠሩ ናቸው። በሥዕሉ ወግ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሳላሉና፣ «አንተንስ የቱ ጋ ልናቆምህ ነው?» ይሉታል። ይስቃል፤ ሳቁ ግን ከአንገት በላይ ነው።

ሐኪሙ አስጠንቅቆታል። የቀረችው ዓይኑም እንደ ግራዋ ልትሆን ትችላለች፤ በጨለማ ብልጭታ ካየ በዚያው ቀን ይምጣ። ከዘገየ ጥቁር መጋረጃ ከላይ ወይም ከታች ዓይኑን ይጋርዳል፣ ከጋረደ አይነሣም።

የቀረው ሥራ ኃጥአንን የሚውጠው የሲኦል አፍ ብቻ ነበር። እንደ አባቶቹ ዘንዶ ሊስል አስቦ ሳለ፣ ልጁ ናዝሬት በስልኳ ያሳየችው አንድ ዓሣ እንቅልፍ ነሣው። ከራጉኤል ጫፍ እስከ ጉርድ ሾላ ያለው ቁልቁለት በሙሉ ውሃ ቢሞላ እንኳ ታች ጭላንጭል ይደርስ ይሆናል አለችው፤ ይህች ግን የምትኖረው ከዚያም በታች፣ ፀሐይ በማያውቀው ጥልቅ ነው። ከግንባሯ ዘንግ ወጥቷል፤ ጫፉ ላይ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ሰፍረው ያበራሉ። ብርሃን አየሁ ብሎ የተጠጋ ሁሉ አለቀለት፤ ጥርሷ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው፣ የገባ አይወጣም። ሆዷ ተለጥጦ ከራሷ የሚበልጠውን ይይዛል። ዕድሜዋ ሲገፋ ዓይኗ ይደክማል፤ መብራቷ ለማየት ሳይሆን ለመጥራት ነውና።

«ግን እኮ አባዬ፣ ቡጢ ነው የምታህለው፤ ሰው አትውጥም።»

«የሰውስ ልኩ ስንት ነው?» አላት።

አባ ንድፉን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። «ብርሃንን ከአውሬ ግንባር ላይ አትስቀል» አሉት።

«ታች የወደቀ ሰው፣ ይሄንን ከላይኛው ብርሃን በምን ይለየዋል?»

አባ መስቀላቸውን አንሥተው ወጡ። አለመከልከላቸውን እንደ ፈቃድ ቆጥሮ ቀጠለ።

የመብራቱ ቀለም ግን እንቢ አለው። ቢጫው የኩራዝ ሆነበት፣ ነጩ ኖራ። አንድ ቀን ጠዋት ርብራቡ ላይ ቆሞ ቀለም ሲሞክር፣ በቀኝ ዓይኑ ጥግ አንድ ነገር ብልጭ አለ። ድምፅ የሌለው መብረቅ። ዓይኑን ጨፈነ፤ አልጠፋም። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባው፤ ብሩሹን አስቀምጦ ጋቢውን አነሣ። ታክሲ የሚገኘው ከዳገቱ ሥር ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ ብልጭ አለ፤ ሰማያዊም ነጭም ያልሆነው፣ ሲፈልገው የኖረው ቀለም ይኸው ነበር። እሱን ብቻ ልያዘውና እሄዳለሁ አለ ለራሱ። ጋቢውን መልሶ ሰቀለ።

አመሻሽ ላይ አባ ሲገቡ ሌላውን ሥዕል ሁሉ ሳያዩ እግራቸው በቀጥታ ወደዚያ መብራት ወሰዳቸው። ከሥሩ ከተከፈተው አፍ ሲደርሱ ነው የደነገጡት።

«ጨረስክ?»

«ጨርሻለሁ። ከግርጌው ብቻ ጥቁሩ በዛብኝ መሰለኝ፤ እስቲ ሻማውን ዝቅ ያድርጉልኝ።»

አባ ሻማውን ዝቅ አደረጉ። ግርጌው ገና ቀለም ያልነካው ነጭ ግድግዳ ነበር።